በልጄ በጄሬድ እጅ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ የዛሬው ነገር የማገዶ ነገር ነው። ፍቅርም አለበት፣ አትሩጡብኝ፤ ግን ፍቅሩ የገባው በማገዶው በኩል ነው።

ሽማግሌው ኦባዲያ ፊች በሞተ በሳምንቱ ኑዛዜው በወጥ ቤቱ ውስጥ ተነበበ። እርሻው፣ በሬዎቹ፣ ጎተራው፣ የፖም ዛፎቹ ለልጁ ለጄሬድ ሆኑ። ከበሬዎቹ ቀጥሎ የሟቹ ሚስት መጣች። ለእሷ የምዕራቡ ክፍል ከነምድጃው፤ ቡራቡሬዋ ላም፤ በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ውሃው ጉድጓድ መውጫና መመለሻ፤ በየዓመቱም አሥራ ሁለት ጭነት ማገዶ እስከ በሯ። ይህ ሁሉ የሟች መበለት ሆና እስከኖረች ድረስ። ካገባች ክፍሉ ለጄሬድ ይመለሳል።

ሴትየዋ ስሟ መሂታቤል ነው፤ ሰው ሁሉ ሂቲ ይላታል። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ሽማግሌ አጥባ፣ አጉርሳ፣ ደግፋ አኑራዋለች። አሁን ግን በበሬና በላም መካከል ስሟ ሲጠራ ሰማች። ከዚያ በኋላ የተነበበውን ጆሮዋ አልያዘውም። «እዚህ ላይ ፈርሚ» ሲሏት በፊርማ ፈንታ መስቀል አደረገች። በዚያ አገር ሴት ልጅ ማንበብ ትማራለች፤ መጻፍ የወንድ ነው ይባላል።

በማግስቱ ጄሬድ አናጺ ጠርቶ ወጥ ቤቱን አንዲት በር ባላት ሳንቃ ለሁለት ከፈለው።

«እናቴ» አላት ኮፍያውን ከፍ አድርጎ፣ በሰባት ዓመት እየበለጣት። «ያንቺ እስከዚህ ነው። ከዚህ ወዲያ የኔ።»

«እናትህ ብሆን ኖሮ በጊዜ እገርፍህ ነበር።»

ሚስቱ ሎይስ ከኋላው ሆና ሳቀች። ሳቋ በሳንቃው ስንጥቅ ሾልኮ ገባ።

የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ጄሬድ ማገዶ አመጣ። የአኻያ እንጨት ነበር፣ በዚያው ቀን የተቆረጠ፣ ውሃው ከቅርፊቱ የሚንጠባጠብ። ክፍሉን በጭስ ሞላው እንጂ አልነደደም።

«ይህ ይነዳል?» አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

«እንጨት ነው እናቴ። ኑዛዜው ደረቅ ይላል እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ስትስል ከረመች። በጥር የባልዲው ውሃ አልጋዋ አጠገብ በረዶ ሆኖ ሲያድር፣ መጥረቢያ አንስታ የእናቷን ሳጥን ፈለጠችው። ለትዳር ስትመጣ ይዛው የመጣችው ንብረት እሱ ብቻ ነበር። ክዳኑ ላይ በእናቷ እጅ የተቀባች ሰማያዊ ወፍ ነበረች። ወፏን እስከ መጨረሻው አቆየቻት፤ በመጨረሻ እሷንም ከተተቻት። ቀለሙ አረንጓዴ ነበልባል ሠራ። ሂቲ ነበልባሉን እያየች ማለች።

«ሰማንያ ዓመት እኖራለሁ» አለች። «ሰማንያ ዓመት፣ መበለት ሆኜ። ፀጉርህ ሸብቶ፣ ወገብህ ጎብጦ፣ እንጨት ወደ ደጄ ታመጣለህ።»

ሌላ ሴት በዚህ ዕድሜዋ ባል ትመኛለች፤ ሂቲ ዕድሜ ተመኘች። ቂሙም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ካንዳንድ ማገዶ ይሻላል፤ እሷን ያሞቃት ነበር።

*

በጸደይ ጄሬድ ጌትነት ተሰማውና እንጨት ቆራጭ ቀጠረ። ኢኖስ ይባላል። ከእህቱ ጋር ጉብታው ላይ ባለች ጎጆ የሚኖር፣ መሬት የሌለው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት። የፊች ቤት መበለት ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር በአንድ አግዳሚ አትቀመጥም፤ በጸሎት ቤት እንኳ ሠራተኞች የሚቀመጡት ከኋላ ነው።

መጀመሪያ ቀን እንጨት ታቅፎ በሯ ላይ ቆመ።

«እሜቴ፣ የት ላስቀምጠው?»

«ኑዛዜው እስከ በሩ ይላል።»

«እኔ ኑዛዜ አላነበብኩም። ምድጃው የት ነው?»

አልፏት ገባና ምድጃው አጠገብ ደረደረው። ባሉጥ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ነበር፤ ዳሩ በአንድ ምት የተቆረጠ፣ ፊቱ እንደ ሰሌዳ የለሰለሰ። ሂቲ በእጇ ዳሰሰችው። ዳቦ የምትዳስስ ይመስል ነበር።

በጋውን ሙሉ እንጨቱን ከጎተራው ጥግ ሲያደርቅላት ቆየ። ብርዱ ሲጀምር አንድ ቀን ፍልጥ ስታነሳ ነጩ ገጽ ላይ በከሰል የተጻፈ አየች። «ይህ ቀስ ብሎ ይነዳል። እጅዎን ያሙቁበት» ይላል። ግራ ቀኝ አየች። ሳቀች። ከዚያም ሌላ ምን ታድርገው? እሳቱ ውስጥ ጨመረችው።

በሳምንቱ ሌላ መጣ። ቀጥሎም ሌላ። አንዳንዱ ስለ አየሩ ነው፤ አንዳንዱ ስለ ላሟ። በአራተኛው ሳምንት ግን «እርስዎ» የሚለው ጠፋ። «ትናንት ስታልፊ ነጠላሽ ላይ በረዶ ነበር» ይላል። «ላራግፍልሽ ፈልጌ እጄን ኪሴ ከተትኩ።»

ያን ፍልጥ እስከ ማታ አላቃጠለችውም። ምሽት ላይ ግን ቤቱ በረደ፣ እንጨት ደግሞ እንጨት ነው።

መልስ መጻፍ አትችልም። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ ፖም መስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጣለች። ኢኖስ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተክሎ፣ ፖሙን አንስቶ፣ መስኮቱን እያየ ቀስ ብሎ ይበላል። ሁለቱ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ደብዳቤዎቿ ሁሉ ጭስ ሆነው ወጡ፤ ሙቀታቸው ግን እሷ ጋ ቀረ።

*

ቂሙን ግን አልተወችም፤ እንደውም ለምዳው ነበር። ሎይስ ሐሙስ ሐሙስ የመንደሩን ሴቶች ለሻይ ትጠራለች። ሂቲ ያን ሰዓት ጠብቃ ባልዲዋን ታነሳና በሳንቃው በር ብቅ ትላለች።

«መውጫ» ትላለች በኑዛዜው ቃል፣ በእንግዶቹ መካከል ስታልፍ።

ግማሽ ባልዲ ቀድታ፣ በረዶ በጫማዋ ይዛ ትመለሳለች። «መመለሻ።»

አንድ ሐሙስ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰች።

«እማማ ሂቲ፣ ዛሬ ምን በላሽ እንዲህ የጠማሽ?» አለች ሎይስ ጥርሷን ነክሳ።

«እኔ አልጠማኝም። ላሟ ናት።»

እንዲህ እያለ ጥር ገባ። በጥር እንጨቱ ተለወጠ። በሯ ላይ እንደገና እርጥብ አኻያ ተከምሮ አገኘች። ፍልጡን አንድ በአንድ ገለበጠችው፤ ጽሕፈት የለም። በማግስቱም የለም። በአራተኛው ቀን ሐሙስ ሆነ፤ ባልዲዋን አነሳች፤ ዛሬ ለተንኮል ሳይሆን ምናልባት በደጁ ኢኖስን ባየው ብላ ነው።

ሎይስ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር፣ በእጇ የባሉጥ ፍልጥ ይዛ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን በመሐረብ ይዘዋል።

«ስሙኝማ» አለች ሎይስ፣ ሂቲን አይታ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «‹ድምፅሽን ከሳንቃው ወዲያ ስሰማ መጥረቢያዬ ይስታል።› አቤት! እግሩን እንዳይቆርጥ!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሂቲ ባልዲውን ይዛ ቆመች።

ጄሬድ ከወንበሩ ሳይነሳ ተናገረ። «ምን ያስደነግጥሻል እናቴ? ፍልጡን ከመላኩ በፊት ለኔ ያሳየኛል። ‹አግባት› ያልኩት እኔ አይደለሁ? አንድ ሠርግ፣ ከዚያ ክፍሉ የሎይስ መሸመኛ ቤት ይሆናል። ጥሩ ይጽፋል አይደል?»

ያ ሁሉ ፍልጥ። ያ ሁሉ ፖም። በእንግዶቹ ዓይን መካከል ወደ ሳንቃው በር ዞረች።

«መመለሻ» አለች። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም።

*

በማግስቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ ጥሳ ዳኛ ሆልኮም ዘንድ ሄደች። ኑዛዜውን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ግልባጩም እሳቸው ጋ ነው።

«እርጥብ እንጨት ይሰጠኛል» አለች። «ራሴ ላንብበው።»

ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች አነበበች። ከበሬዎቹ አለፈች፣ ከላሟ አለፈች። ያን ቀን ጆሮዋ ያልያዘው ቃል እዚያ ቁጭ ብሏል። «አሥራ ሁለት ጭነት ማገዶ፣ በልጄ በጄሬድ እጅ ተቆርጦ፣ እስከ በሯ።»

«በጄሬድ እጅ ነው የሚለው? በሠራተኛ እጅ አይደለም?»

«እንደዚያ ነው የሚለው፣ ልጄ። ኦባዲያ ይህቺን ቃል ሁለት ጊዜ አስነብቦኛል። ‹ሰነፍ ልጅ ነው ያለኝ፤ እኔ ብሞትም ይሥራ› አለኝ።»

ሂቲ ከስንት ጊዜ በኋላ የሞተውን ሰውዬ ወደደችው።

በሰኞው ዳኛው መጥተው ቃሉን ለጄሬድ አነበቡለት። ኢኖስ በዚያው ሰዓት ተሰናበተ። ከመሄዱ በፊት ኮፍያውን በእጁ ይዞ በመስኮቷ ቆመ፤ አፉ ተንቀሳቀሰ። ሂቲ የመስኮቱን መዝጊያ ስባ ዘጋችው። በጨለማው ውስጥ ጀርባዋን መዝጊያው ላይ ጥላ ቆመች፤ እግሩ በረዶውን እየረገጠ ሲርቅ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደስታ ነው የምነግራችሁ። ሂቲ ወንበሯን መስኮቱ ሥር አደረገች፤ ፖም እየላጠች ጄሬድን አየች። እጁ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ ቋጠረ። የቆረጠው ግንድ አይጥ የበላው ይመስላል። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች የበረዶ ጋሪያቸውን ያቆሙ ጀመር።

«ጄሬድ ልጄ!» ትጮኻለች በመስኮቱ። «እግርህን ሰብሰብ! ለእናትህ ታስፈልጋታለህ!»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ!»

«እናቴ በለኝ እንጂ። ምነው ተውከው?»

መንገደኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሂቲም ሳቀች። ግን ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗ ደፉ ላይ ያረፈውን ፖም አየ። ከልማድ አስቀምጣው ኖሯል። ማንም ሳያነሳው በርዶ ጠቁሯል።

*

አምስተኛው ጭነት የመጣ ዕለት ሂቲ ማጉረምረም አማራት፤ እንጨቱ ግን ደረቅ ነበር። ባሉጥ። አንዱን አነሳች። ዳሩ በአንድ ምት የተቆረጠ፣ ፊቱ እንደ ሰሌዳ የለሰለሰ። ይህ የጄሬድ እጅ አይደለም።

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። በጥር ጄሬድ የኢኖስን ደረቅ እንጨት ወደ ራሱ ወገን ሰርቆ፣ እሷ ደጅ አኻያ ጥሎ ነበር። ፍልጡን ሎይስ እጅ ያደረሰው ኢኖስ አይደለም፤ ሌባ ነው። አሁን ደግሞ እጁ ሲቃጠል፣ መቁረጥ ሲሰለቸው፣ የሰረቀውን መልሶ አመጣላት። ስንፍናው።

ክምሩን በጉልበቷ ተንበርክካ ገለበጠችው። ከሥር አንድ ፍልጥ ነበር። ከሰሉ ትንሽ ደብዝዟል።

«ጄሬድ አግባት አለኝ። እምቢ አልኩት። ባገባሽ ከቤትሽ ማስወጣቴ ነው። ስለዚህ አልጠይቅሽም። እንጨት ግን እስክሞት እቆርጥልሻለሁ።»

ከልማዷ የተነሳ እጇ ወደ እሳቱ ዘረጋው። ነበልባሉ ጫፉን ሲልሰው ጮኻ መልሳ ነጠቀችው። ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ ትኩስ ነበር።

ፍልጡን በነጠላዋ ሸፍና ጉብታውን ወጣች። ኢኖስ በእህቱ ደጅ የበረዶ ጋሪ ላይ ዕቃ እየጫነ ነበር። አዲስ መሬት ወዳለበት ወደ ምዕራብ ሊሄዱ ነው፤ እሱ፣ እህቱ ሩሃማና ባሏ።

«ደግሞ ምን አድርጌ ይሆን?» አለ ቀና ሳይል።

ፍልጡን አወጣችና አሳየችው። «ይህን ዛሬ ነው ያገኘሁት። ጄሬድ ‹ልኬው ነው› ብሎኝ ነበር።»

«አምነሽው መስኮት ዘጋሽብኝ።»

«ምን ላድርግ! አንተ በእንጨት ሁሉ ላይ ትናገራለህ፤ እኔ መጻፍ አልችልም! በምን ልጠይቅህ?»

«መስኮቱን ከፍተሽ፣ በአፍሽ።»

እውነቱን ስለሆነ አለቀሰች። ገመዱን ይዞ ቆመ፤ ወደ እሷ አንድ እርምጃ መጣ።

«አንተ አልጠይቅም ብለሃል» አለች። «እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ። አግባኝ። ግን እስከ ጸደይ ጠብቀኝ። ጄሬድ ሰባት ጭነት ይቀረዋል። ሰባቱን በእጁ ሲቆርጥ ልየው።»

የኢኖስ ፊት ተመልሶ ተዘጋ። «ሰባት ጭነት።»

«ያደረገኝን አታውቅም።»

«ሂቲ፣ የምትፈልጊው እኔን ነው ወይስ መጥረቢያ? ጄሬድን የምትመቺበት ከሆነ፣ እኔ ሰው ነኝ።»

«የእናቴን ሳጥን አቃጥያለሁ!» አለች። «እጇ የነካው ሌላ ምንም አልነበረኝም። ክዳኑ ላይ ወፍ ነበረች። በገዛ እጄ ነው የከተትኳት። ይቅር በዪው አትበለኝ!»

«ይቅር በዪው አላልኩም» አለ ቀስ ብሎ። «በረዶው ሳይቀልጥ፣ ሰኞ እንሄዳለን ነው የምልሽ።»

ሩሃማ በበሩ አንገቷን አወጣች። «ኢኖስ! ወይ ሳማት ወይ ገመዱን እሰር! ቀኑ መሸብን እኮ!»

ሁለቱንም አላደረገም። ሂቲ ቁልቁል ስትወርድ በአንድ ጎኗ ፍቅሯን፣ በአንድ ጎኗ ቂሟን እንደ ሁለት ባልዲ ተሸክማ ነበር፤ የትኛው እንደሚከብድ አላወቀችም።

*

እሑድ በሁለቱ ጸሎቶች መካከል ሰው ሁሉ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ስንቁን ይበላል። ሂቲ ቀጥ ብላ ጄሬድ ፊት ሄደች። ኢኖስ ከኋላ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ቆሞ ነበር።

«ነገ ከኢኖስና ከሩሃማ ጋር እሄዳለሁ» አለች።

የጄሬድ ፊት በራ። «ሠርግ ነው በይኛ! ሎይስ፣ ሳንቃውን እናፈርሳለን! እናቴን ልዳራት ነው!»

«ሠርግ አላልኩም፤ መንገድ ነው ያልኩት። ዳኛ ሆልኮም፣ ኑዛዜው ‹ከክፍሉ ከወጣች› ይላል?»

ዳኛው የበቆሎ ቂጣቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይልም። ‹መበለት ሆና እስከኖረች› ነው የሚለው።»

«መንገድ የሄደች መበለት መበለት አይደለችም?»

«ናት እንጂ» አሉ፤ ወዲያውም ቂጣውን በሙሉ አፋቸው ውስጥ ከተቱት፣ ሳቃቸው እንዳያመልጥ።

«እንግዲያው ክፍሌን እቆልፋለሁ፤ ቁልፉ ከኔ ጋር ነው። ላሜንም እወስዳለሁ። ማገዶው ግን እስከ ደጄ ይመጣል። አሥራ ሁለት ጭነት፣ በየዓመቱ፣ በእጅህ።»

«ለተዘጋ በር?» አለ ጄሬድ። ከመዳፉ ላይ ቁስሉን ያሰረበት ጨርቅ ተፈትቶ ተንጠለጠለ።

«ታዲያ መቼ ነው የምታገቢው?» ጮኸች ሎይስ።

«ሳገባ ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ።»

«አንቺ? መስቀል ማድረግ ብቻ አይደል እንዴ የምታውቂው! መጻፍ መቼ ትችያለሽ!»

«አልችልም» አለች ሂቲ በለሰለሰ ድምፅ። «መማር አለብኝ። ጭንቅላቴም ቀርፋፋ ነው፤ ጄሬድ ልጄ ሁልጊዜ ይለኝ የለ።»

መጀመሪያ የሳቀችው በዚያ ሐሙስ በእሷ ላይ ከሳቁት ሴቶች አንዷ ናት። ከዚያ ግቢው ሁሉ ተከተለ። ሂቲ ግን ሳቁን አልሰማችውም። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ኮፍያውን አውልቆ እሷን እያየ ነበር፤ እንደ ፖሙ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ።

ሰኞ ጠዋት ጋሪው በፊች ደጅ አለፈ፤ ቡራቡሬዋ ላም ከኋላው ታስራለች። ጄሬድ በተቆለፈው በር ፊት ስድስተኛውን ጭነት ይከምር ነበር። ሂቲ አንዴ ዞራ አየችው። የወፏ አረንጓዴ ነበልባል ትዝ አላት፤ ያሞቃት የነበረው ግን አላሞቃትም። ከዚህ በኋላ በሌላ ነገር መሞቅ እንዳለባት ገባት፤ ትንሽም ፈራች።

በረዶ ይጥል ጀመር። ኢኖስ እጁን ዘርግቶ ከነጠላዋ ላይ አራገፈላት፤ እጁንም ኪሱ አልከተተም። ጫፉ የተለበለበውን ፍልጥ ከጭኗ ላይ አንስቶ ባዶውን ገጽ ገለበጠና ከሰል በጣቶቿ መካከል አስያዛት።

«ከየትኛው ፊደል እንጀምር?»

«ካንተ» አለች። ከዚያ አሰብ አደረገችና ትከሻው ላይ ተደገፈች። «የጄሬድን ግን ለመጨረሻ አቆይልኝ።»